በመዝናኛ መርከብ መቀጠር፦ ወጪውን ማን ይሸፍናል?

የመርከብ ሥራ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ጥያቄ ይጀምራል። «ስንት ይከፍላሉ?» እና «ማን ያስገባኛል?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ችግሩ ደላላውም አጭበርባሪውም የሚጠብቁት እነዚህኑ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር ይጠሩላችኋል፤ ለሁለተኛው «እኔ አለሁ» ይሏችኋል። ከዚያ ክፍያው ይጀመራል።

በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። ከማመልከቻው እስከ መርከቡ መሰላል ድረስ ያለውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ይህን ይዞ የተነሳ ሰው እውነተኛውን ቀጣሪ ከሐሰተኛው፣ ጥሩውን ኮንትራት ከመጥፎው መለየት ይቀለዋል።

ሥራው ስለመኖሩ ጥርጥር አይግባችሁ። የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ክሊያ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 29.7 ሚሊዮን የነበረው የመንገደኞች ቁጥር በ2024 ወደ 34.6 ሚሊዮን አድጓል። መርከቦቹም አብረው ገዝፈዋል። በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረው የሮያል ካሪቢያን መርከብ «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» ብቻውን 2,350 ያህል ሠራተኛ ይይዛል። ደግሞ አብዛኛው ሠራተኛ በኮንትራት ነው። ስድስት ወይም ስምንት ወር ይሠራል፣ ይወርዳል፣ በቦታው ሌላ ይሳፈራል። መርከቡ ወደ መነሻ ወደቡ በተመለሰ ቁጥር አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ ሲወርድ ሌላው ሻንጣውን እየጎተተ ይወጣል። ስለዚህ ቅጥሩ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። «ዕድሉ ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚላችሁ ሰው ከወዲሁ አንድ ውሸት ዋሽቷል።

አሠሪያችሁ መርከቡ ላይሆን ይችላል

የመርከብ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ ካፒቴን ነው። የመዝናኛ መርከብ ግን በባሕር ላይ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ሆቴል ነው። ሠራተኛው በሦስት ይከፈላል፤ የዴክ (መርከቡን የሚነዳው) ክፍል፣ የሞተር ክፍል እና የሆቴል ክፍል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ በተለይ መኮንንነቱ፣ የዓመታት የባሕር ትምህርትና የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። አብዛኛው የሥራ ቦታ ያለው ሦስተኛው ውስጥ ነው። ምግብ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ የክፍል ጽዳት፣ ልብስ እጥበት፣ ባር፣ እንግዳ መቀበያ። ሙዚቀኛው፣ ዳንሰኛዋ፣ ፎቶ አንሺው፣ ልጆች የምታጫውተዋ፣ ነርሷም እዚያው መርከብ ላይ ናቸው።

የመርከብ ልምድ የሌለው ሰው በብዛት ከሚገባባቸው በሮች አንዱ የወጥ ቤት ረዳትነት ነው። መርከብ ላይ «ጋሊ ዩቲሊቲ» ይሉታል። እቃ ማጠብ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በብዙ መርከቦች ጋሊ (ወጥ ቤት) ውስጥ ሦስት ባልዲዎች ተደርድረው ታያላችሁ። በቀዩ የሳሙና ውሃ አለ፣ በግራጫው የማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ፣ በነጩ ጀርም የሚገድል ኬሚካል። ጠረጴዛም ሆነ መደርደሪያ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚጸዳው። «ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር» ተብሎ አንዱ አይዘለልም። ይህ ጭንቀት እንዲሁ አልመጣም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ወደ አገሪቱ ወደቦች የሚመላለሱ መርከቦችን ሳይነግር ገብቶ ይፈትሻል። ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። አንድ ረዳት የዘለላት ባልዲ የኩባንያውን ስም ልታጠፋ ትችላለች። ኢንተርቪው ላይ ስለ ንጽህና ደጋግመው ቢጠይቋችሁ አይግረማችሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር እንለፍ። መርከቡ ላይ የሚሠራ ሁሉ የመርከቡ ኩባንያ ተቀጣሪ አይደለም። ስፓው፣ ሱቁ፣ የፎቶ አገልግሎቱ ብዙ ጊዜ ቦታውን በተከራዩ ሌሎች ድርጅቶች ይመራል። ለምሳሌ በብዙ መርከቦች ላይ ያለውን ስፓ የሚያስተዳድረው ዋንስፓወርልድ የተባለ ኩባንያ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ መርከብ፣ በአንድ ኮሪደር፣ ጎን ለጎን እየኖሩ አሠሪያቸው፣ ደመወዛቸውና የሕክምና ሽፋናቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ቋሚ ደመወዝ ሲኖረው ሌላው የሚኖረው በኮሚሽን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጉት ሥራ የስፓ ከሆነ ማመልከቻችሁ የሚሄደው ወደ ስፓው ኩባንያ ነው። የመርከቡን ስም ይዞ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ባንዲራውም ጉዳይ አለው። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ማያሚ የሆነ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን የሚያስመዘግቡት በአብዛኛው በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በማልታ ወይም በቤርሙዳ ነው። ግብሩ ይቀንሳል፤ የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግም አይመለከታቸውም። ከዓለም ዙሪያ መቅጠር የሚችሉትም በዚህ ነው። በሆቴል ክፍሉ ፊሊፒናውያን፣ ሕንዶችና ኢንዶኔዥያውያን በብዛት የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱን ማየት የፈለገ «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ»ን ይመልከት። ይህ መርከብ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ይመላለሳል፣ የተመዘገበውም በአሜሪካ ነው። ሠራተኞቹም በአብዛኛው የአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች ናቸው። የውጭ ባንዲራ በሩን ለሁሉም ይከፍታል፤ በዚያው መጠን ደመወዙንም ዝቅ ያደርጋል። ይህ ለሥራ ፈላጊው መልካም ነው ወይስ መጥፎ? ሁለቱንም ነው።

ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ምን እየሸጠ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም የሥራ ድርጅት የጸደቀና ከኦገስት 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ። የሚሸፍነው መኮንኑንና መካኒኩን ብቻ አይደለም። እቃ አጣቢውም፣ ዘፋኟም ውስጥ ናቸው። ስለ ቅጥር የሚለው ግልጽ ነው። ሥራ ፈላጊን ከመርከብ ጋር የሚያገናኝ ኤጀንሲ ለዚህ አገልግሎቱ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ አንድ ሳንቲም መቀበል አይችልም። ሠራተኛው ሊከፍል የሚችለው ለፓስፖርቱ፣ ለመርከበኛ ደብተሩ እና በሕግ ለሚጠየቀው የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ቪዛ እንኳ በመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሕጉ ትርጉም ቀላል ነው። እውነተኛ ኤጀንሲ ገቢው ከኩባንያው ነው። ኩባንያው ሠራተኛ ስላገኘለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ኤጀንሲው የሚፈልገው መርከቡ ላይ የሚቆይ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ የማይወርድ ሰው ነው። ለዚህም ይፈትናችኋል፣ ይጠይቃችኋል፣ ብዙ ጊዜም ይጥላችኋል። ገቢው ከእናንተ የሆነ ሰው ግን ማንንም አይጥልም። ሁሉም ያልፋል። ኢንተርቪው የሌለው ወይም በአምስት ደቂቃ ቻት የሚያልቅ «ቅጥር» የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማጭበርበሩ ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው። የታዋቂ ኩባንያ አርማ ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ይመጣል። ለእቃ አጣቢ 4,000 ዶላር ወርኃዊ ደመወዝ ተጽፎበታል። በሰማይ ላም አለኝ ማለት ይህ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም የሥራ ድርጅት ሥርዓት ለአንድ ብቁ የዴክ መርከበኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 673 ዶላር ነበር፤ ትርፍ ሰዓትና አበል ሳይጨመር። ደብዳቤው በመጣ በሁለተኛው ቀን «የቪዛ ማስኬጃ» ይጠየቃል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ተከፈለ። ቀጥሎ «የኢንሹራንስ»። ቀጥሎ «የሥራ ፈቃድ»። ሦስተኛውን ክፍያ የሚከፍል ሰው ሥራውን ስላመነ ላይሆን ይችላል። እስካሁን የከፈለው ውሃ በልቶት እንዳይቀር ነው። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ብዙ የማይጠይቀው።

ቪዛውን ምሳሌ እናድርገው። በአሜሪካ ወደቦች በኩል ለሚሳፈር ሠራተኛ የሚሰጠው ቪዛ «ሲ-ዋን ዲ» ይባላል። ለእሱ ሲያመለክቱ ኩባንያው የጻፈውን የቅጥር ደብዳቤ ይዘው ነው የሚቀርቡት፤ የሥራ ቦታው፣ መርከቡና የመሳፈሪያው ቀን የተጠቀሰበት። ቅጥር ይቀድማል፣ ቪዛ ይከተላል። «መጀመሪያ ቪዛውን እናውጣላችሁ፣ ሥራው ከዚያ ይመጣል» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። በዚህ ብቻ ልታባርሩት ትችላላችሁ።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየአገሩ አብረዋቸው የሚሠሩትን ኤጀንሲዎች ስም በራሳቸው የቅጥር ገጽ ላይ ያወጣሉ። ኤጀንሲው የላከላችሁን ሊንክ አትጫኑ። የኩባንያውን ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ፣ ስሙን እዚያ ተመልከቱ። ከሌለ ለኩባንያው ጻፉና ጠይቁ። ኢሜይሉ ማንም በነጻ ከሚከፍተው አድራሻ የመጣ ከሆነ፣ ፊደሉ ከኩባንያው ስም በአንዲት ነጥብ ወይም ሰረዝ የሚለይ ከሆነ፣ ነገሩ አልቋል። ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ ብዙ ነው፤ የአስር ደቂቃ ማጣራት ግን ብዙ ያድናል።

አስቸጋሪው ግን ዓይን ያወጣው አጭበርባሪ አይደለም። ፈቃድ ያለው፣ ቢሮ ያለው፣ ሰውም በትክክል የሚልክ፣ ግን ክፍያውን በሌላ ስም የሚቀበለው ነው። «የምዝገባ»፣ «የሲቪ ማስተካከያ»፣ «ከእኛ ጋር ካልሠለጠናችሁ አይሆንም»። ሥልጠናው በራሱ ውሸት አይደለም። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት የሚጠይቀው መሠረታዊ የደኅንነት ኮርስ አለ፤ በባሕር ላይ ሕይወት ማትረፍ፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የግል ደኅንነትና ማኅበራዊ ኃላፊነት። ጥያቄው ማን ያስተምራል፣ መቼ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ኮርሱን ጨርሳችሁ እንድትመጡ ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ራሳቸው ያሠለጥናሉ። ስለዚህ ቅጥሩ ሳይረጋገጥ ለኮርስ መክፈል አያስፈልግም። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ማንንም አስቀጥሮ አያውቅም። የመሳፈሪያው የአውሮፕላን ትኬት ላይም አሠራሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ በቃል አትስማሙ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ደመወዙን በወር ብቻ አትቁጠሩት

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተቀመጠ ነው። ወርኃዊ ገቢ 1,200 ዶላር፣ ኮንትራቱ ስምንት ወር። ድምሩ 9,600 ዶላር ነው። ከዚያ ሁለት ወር ቤት ይቀመጣሉ፣ በብዙዎቹ የሆቴል ክፍል ኮንትራቶች ያን ጊዜ ደመወዝ የለም። ስለዚህ 9,600ን ለአሥር እናካፍለው። ወርኃዊው ገቢ 960 ሆነ። በቀን አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ከሠሩ ደግሞ በወር 300 ሰዓት ይሆናል። 1,200ው ለ300 ሲካፈል በሰዓት አራት ዶላር ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ሊል ይችላል። አይቸኩል። መርከብ ላይ የቤት ኪራይ የለም፣ የምግብ የለም፣ የትራንስፖርት የለም። እጁን የሚሰበስብ ሰው ከደመወዙ አብዛኛውን ማስቀመጥ ይችላል፤ መሬት ላይ ሁለት እጥፍ የሚያገኝ ሰው የማያስቀምጠውን ያህል። ነገር ግን ለመግባት 1,500 ዶላር ተበድሮ ለደላላ የከፈለ ሰው ከስምንቱ ወር የመጀመሪያውን ወር ከነሩቡ የሚሠራው ለደላላው ነው። ወለዱ ሳይቆጠር። ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ በዶላር ይመለሳል።

የቲፕ ነገርም አለ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች በአንድ እንግዳ በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ በሒሳቡ ላይ ራሳቸው ይጨምራሉ። ገንዘቡ ለክፍል አጽጂዎች፣ ለአስተናጋጆችና ለሌሎች ይከፋፈላል። በብዙ ኩባንያዎች እንግዳው ካልፈለገ ወደ እንግዳ መቀበያ ሄዶ ማስቀነስ ወይም ማስነሳት ይችላል። ስለዚህ «ከቲፕ ጋር ይህን ያህል ታገኛላችሁ» ሲባል አንድ ነገር ጠይቁ። ይህ ቁጥር ዋስትና አለው ወይስ ግምት ነው? አንዳንድ ኮንትራቶች ቲፑ ከተወሰነ መጠን ካነሰ ጉድለቱን ኩባንያው እንደሚሞላ ይጽፋሉ። ሌሎቹ ዝም ይላሉ። ዝም ያለው ኮንትራት ላይ የቲፑን ቁጥር እንደሌለ ቁጠሩት።

ሰዓቱስ? የባሕር ሠራተኞች ስምምነቱ ሁለት መለኪያ አስቀምጧል። ወይ ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከ72 ሰዓት አይበልጥም፤ ወይ ዕረፍቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከ77 ሰዓት አያንስም። ዕረፍቱ ቢበዛ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፣ አንደኛው ግን ቢያንስ ስድስት ሰዓት መሆን አለበት። በወረቀት ሲነበብ ደረቅ ነው። በተግባር ሲታይ ግን እንዲህ ነው፦ ቁርስና ምሳ ላይ ትሠራላችሁ፣ ጥቂት ሰዓት ታርፋላችሁ፣ ለእራት ትመለሳላችሁ፣ እራቱ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ይሆናል። በመሐል ያለችው ዕረፍት ልብስ ለማጠብ፣ ቤት ለመደወልና ለማሸለብ ናት። ሦስቱን አብሮ ማድረግ አይቻልም። አንዱን ትመርጣላችሁ።

መርከቡ ወደብ ሲደርስ መውረድም ሁልጊዜ የለም። እንግዶቹ በሄዱበት ሰዓት እሳት ቢነሳ የሚያጠፋ፣ ጀልባ የሚያወርድ ሰው መርከቡ ላይ መቅረት አለበት። ተራ ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ ስማችሁ ካለ ከተማዋን በመስኮት ታያላችሁ፤ መስኮት ካገኛችሁ። የአብዛኛው ተራ ሠራተኛ ካቢን መስኮት የለውም፣ ከውሃው ወለል በታች ወይም አጠገብ ነው፣ ተደራራቢ አልጋ ያለው ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ይለምደዋል። ያላወቀው ሰው ነው በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣ የሚያዘጋጀው።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን እንደ ቀልድ የሚያዩት አሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» በጣሊያኗ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ አለት መትቶ ሲጋደም 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ምሽት መንገደኞችን ወደ ጀልባ የመሩት ምግብ ሲያቀርቡ ያመሹ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የአደጋ ድምፅ ሲነፋ አስተናጋጁም፣ ዳንሰኛዋም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። እንግሊዝኛ የሚፈተነውም እንግዳ ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ትእዛዝ ሰምቶ ማስተላለፍ ያስፈልጋል።

ከመፈረም በፊት

ስለ ማመልከቻው ብዙ የምለው የለኝም። አንድ የሥራ ቦታ ምረጡ፣ ሲቪያችሁን ለዚያ ብቻ አዘጋጁ። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚል ሲቪ ትሕትና ይመስላል፣ ለቀጣሪው ግን ምንም አይነግረውም። ሆቴል ወይም ሬስቶራንት ውስጥ የሠራችሁት ጊዜ ካለ፣ በቀን ስንት እንግዳ ታስተናግዱ እንደነበር ጭምር ጻፉ።

ኮንትራቱ ላይ ግን ረጋ በሉ። የባሕር ሠራተኞች ስምምነቱ ኮንትራቱን ከመፈረማችሁ በፊት የማንበብና ምክር የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። የተፈረመ ቅጂም በእጃችሁ መኖር አለበት። የአሠሪውን ስም፣ የሥራ ቦታችሁን፣ ደመወዙ ምን ምን እንደሚያጠቃልል ተመልከቱ። ስምምነቱ በወር ቢያንስ 2.5 ቀን የዓመት ዕረፍት ክፍያ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ኩባንያ ይህን ከወርኃዊው ቁጥር ውስጥ ይከተዋል፣ ሌላው ለብቻ ያስቀምጠዋል። ሁለት ደመወዝ ስታነጻጽሩ ይህ ካልታየ ስሌቱ ይዛባል።

ሕመምና ወደ አገር መመለስም መጻፍ አለባቸው። መርከብ ላይ የታመመ ወይም የተጎዳ ሠራተኛ ሕክምናው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ሕግ ይህን በጊዜ ቢገድበው እንኳ ከ16 ሳምንት ማነስ የለበትም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መርከቦች እንዲቆሙ ሲታዘዝ መንገደኞች ወርደው ብዙ ሺህ ሠራተኞች ለወራት ባሕር ላይ ቀርተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ። ከ2017 ጀምሮ የመርከብ ባለቤቶች ሠራተኛ ጥለው ቢጠፉ መመለሻውንና እስከ አራት ወር ያልተከፈለ ደመወዝ የሚሸፍን የገንዘብ ዋስትና እንዲይዙ ይገደዳሉ። የዋስትናው ማስረጃ መርከቡ ላይ ሠራተኛ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ስትሳፈሩ ፈልጋችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያውን ኮንትራት በጥሩ ግምገማ የጨረሰ ሰው ለሁለተኛው ብዙ ደጅ አይጠናም። የሚሳፈርበትን መርከብና ቀን ራሱ ኩባንያው ይልክለታል። ከጋሊ ወደ ረዳት አስተናጋጅነት ወይም ወደ ረዳት ምግብ አብሳይነት ዕድገት የሚገኘውም በብዛት ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አላችሁ?» ስትባሉ ከጋሊ ለማደግ ስንት ኮንትራት እንደሚፈጅና ግምገማውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ጠይቁ።